ኦል ዊል ድራይቭ ይበቃል ወይ? በዊንተር ከዴንቨር ላስ ቬጋስ ለሚነዳ ወንድም

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው፦ «ለፈረንጆች ገና ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከዴንቨር ላስ ቬጋስ በመኪና ልንሄድ ነው። በአይ-70 አውራ ጎዳና ነው የምንሄደው። ኦል ዊል ድራይቭ ኤስዩቪ እንከራያለን። በረዶ ላይ ነድቼ አላውቅም። ጓደኞቼ ኦል ዊል ከሆነ አትስጋ ይሉኛል። ልክ ናቸው? ቼይን (የጎማ ሰንሰለት) ያስፈልገኛል? መኪናው ቢንሸራተትብኝስ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ግማሹን ነው የነገሩህ። ኦል ዊል ድራይቭ መኪናውን ያስነሳልሃል፣ ዳገቱንም ያወጣልሃል። አያቆምልህም። በረዶ ላይ ደግሞ ሰው የሚጎዳው መሄድ አቅቶት ሳይሆን መቆም አቅቶት ነው።

እኔ በዚህ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ አሁን አዳዲስ ሹፌሮችን አሠለጥናለሁ። በዊንተር ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ ከማያቸው መኪናዎች ውስጥ ኦል ዊል ኤስዩቪና ፒክአፕ አይጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኦል ዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ ይዳረሳል ማለት ነው። ፍሬን ግን በየትኛውም መኪና ላይ ድሮም በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ፍሬን ስትረግጥ አንተና ከኋላህ ያለችው ትንሽ ሴዳን እኩል ናችሁ። ይባስ ብሎ፣ ኦል ዊሉ ያለ ችግር ስለሚያስኬድህ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት አይሰማህም። የምታውቀው ፊትህ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ነው።

ቁጥሩን ልስጥህ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ፍሬን ብትረግጥ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ በ14 ሜትር ገደማ ትቆማለህ። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 40 ሜትር ይሆናል። መስታወት በሆነ በረዶ ላይ ደግሞ 100 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱን ወደ 80 ብታሳድገው፣ በተጠቀጠቀው በረዶ 100 ሜትር፣ በመስታወቱ ላይ 250 ሜትር ያስፈልግሃል። ይህ እግርህ ፍሬኑን ከነካ በኋላ ያለው ብቻ ነው፤ አይተህ እስክትረግጥ የምትሄደው አልተቆጠረም። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ መቀነስ ብዙ ያተርፋል።

አሁን ወደ ጎማ። ለዚህ ጉዞ የምታወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ አውለው። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየጠነከረ ይሄዳል፣ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። የዊንተር ጎማ በብርድም ለስላሳ ነው፣ ላዩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። የጎማውን ጎን ተመልከት። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ካየህ፣ ያ ጎማ በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለውን ብቻ ካየህ ግን ያን ያህል አትመካበት። እሱን አምራቹ ራሱ በጎማው ቅርጽ መነሻነት የሚጽፈው እንጂ በረዶ ላይ በተደረገ ፈተና የሚገኝ አይደለም። የኪራይ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው እሱን ነው። ስለዚህ ስትከራይ አስቀድመህ ደውልና የተራራው ምልክት ያለበት ጎማ ያለው መኪና እንዲሰጡህ ጠይቅ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ካለብህ፣ የዊንተር ጎማ ያለው የፊት ጎማ ብቻ የሚጎትት መኪና ያለቀ ጎማ ካለው ኦል ዊል ይሻላል። ይህን ሳላቅማማ ነው የምልህ።

ሕጉም ጎማህን ያያል። በኮሎራዶ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ በአይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የትራክሽን ሕግ የሚባለው ይሠራል። ኦል ዊል ከሆነ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ የአንድ ኢንች 3/16፣ ማለትም ወደ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መለኪያው ትንሽና ርካሽ ዕቃ ነው፣ ገዝተህ ይዘህ ሂድ። መኪናውን ስትረከብ አራቱንም ጎማ ለካ፣ መሐሉንም ጠርዙንም። ካነሰ አትረከብ፣ ሌላ ይስጡህ። ብትቀጣ ቅጣቱ ከ130 ዶላር ይጀምራል፤ በቂ ጎማ ሳይኖርህ መንገድ ከዘጋህ ከ650 ዶላር በላይ ይሆናል። የሚከፍለው ደግሞ ነጂው ነው።

ስለ ቼይን የጠየቅኸው። በቂ ጎማ ያለው ኦል ዊል ካለህ በአብዛኛው ቀን አያስፈልግህም። ቢሆንም መያዙ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ የኪራይ ውሉን አንብብ። ብዙ አከራዮች ቼይን ማሰርን ይከለክላሉ፣ ምክንያቱም በደንብ ካልታሰረ የጎማውን ቤትና የፍሬን ቱቦ ይመታል። እንደዚያ ከሆነ በጎማው ላይ የሚለበስ ጨርቅ አለ። ኮሎራዶ ውስጥ በሕግም ተቀባይነት አለው፣ ለማሰርም በጣም ይቀላል። ለእሱም አከራዩን ጠይቅ። የትኛውንም ብትይዝ ቤት ውስጥ ሳለህ አንድ ጊዜ አስረህ ፍታው። በጨለማ፣ በንፋስ፣ በቀዘቀዘ ጣት ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር በጣም ከባድ ነው። ቼይን ካሰርክ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዳ፣ ትንሽ እንደሄድክ ቆመህ አጥብቀው፣ ደረቅ አስፋልት ስታገኝ ፍታው። ሁለት ጎማ ላይ ብቻ የሚታሰር ከሆነ የትኞቹ እንደሆኑ የመኪናው መመሪያ ይነግርሃል፤ ኦል ዊል ላይ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ በግምት አትሥራው።

እንግዲህ ዋናው ነገር፣ መቼ ትነሳለህ? እውነቱን ንገረን ካልከኝ፣ ከመሪ አያያዝ ይልቅ የምትነሳበት ቀን ነው የሚያድንህ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በአይ-70 ላይ የምታልፍበት የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለሚወርድ በሁለቱ መካከል ከ11 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይኖራል። ዴንቨር ላይ ዝናብ ሲያካፋ ላይኛው መንገድ በረዶ ሆኗል። ስለዚህ የዴንቨርን የአየር ትንበያ አይተህ አትነሳ፤ የዋሻውንና ቬይል ፓስ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ እይ። ኮትሪፕ የሚባለው የኮሎራዶ የመንገድ መረጃ ገጽ ካሜራ አለው፣ መንገዱን በዓይንህ ታየዋለህ። ማዕበል እየመጣ ከሆነ አንድ ቀን ጠብቅ። የሆቴል ቀን መቀየር ያበሳጫል፣ ይገባኛል፣ ልጆቹም ያኮርፋሉ። ግን መንገድ ጠራጊዎቹ አንድ ሌሊት ካገኙ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ምዕራብ አትውጣ። የስኪ ሰው ሁሉ የሚወጣው ያኔ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ዴንቨር ይመለሳል፣ ስትመለሱ አስታውሰው።

ጉዞው ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ አትበል። በዲሴምበር መጨረሻ ዴንቨር ላይ ፀሐይ በሐበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። ቀን የቀለጠው ውሃ ከዚያ በኋላ ነው የሚጋገረው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ መንገዱን ስታሞቀው ተነስ፣ የኮሎራዶን ተራራ በብርሃን ጨርስና ግራንድ ጀንክሽን እደር። ከዴንቨር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህና ቀን አራት ሰዓት ይፈጃል፤ አንተ ግን ሰባት ስምንት ያዝለት።

ከመነሳትህ በፊት ጣሪያው ላይ ያለውን በረዶ አራግፈህ ጨርስ። መስታወቱን ብቻ ጠርጎ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። የጣሪያው በረዶ የመጀመሪያውን ፍሬን ስትረግጥ ተንሸራትቶ ፊትህን ይጋርድሃል። መብራቶቹንም ጥረግ፣ የኋላዎቹን ጭምር። የጎማ ንፋስ በብርድ ይቀንሳል፤ በየ5 ዲግሪ ተኩል ቅዝቃዜ አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ጠዋት ለካው። የመስታወት ማጠቢያው ፈሳሽ የማይጋገር ዓይነት ይሁን። በዚህ መንገድ ላይ ጨውና ጭቃ ከጭነት መኪና ኋላ እየተረጨ መስታወትህን በደቂቃ ያለብሰዋል፣ ፈሳሹ ከጋገረ ታውረሃል። ነዳጅ ከግማሽ በታች አታውርድ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ። ከጉዞው በፊት በረዶ የጣለ ቀን ባዶ ፓርኪንግ ፈልግ፣ ብቻህን ሂድ። በዝግታ ንዳና ፍሬኑን ድንገት ጠበቅ አድርገህ ርገጠው። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ነው፣ አትልቀቀው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ይደነግጥና እግሩን ያነሳል። ቀጥሎ እየታጠፍክ ሞክረው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድብህ ታያለህ። ይህን ሰውነትህ ቀድሞ ካወቀው ተራራው ላይ አትደነግጥም።

ጎማ መንገድ የሚይዝበት አቅም እንደ ወር ደሞዝ ነው። ለመታጠፊያው ካወጣኸው ለፍሬን አይተርፍህም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አትጠይቀው። ኩርባው ሳይደርስ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነትህን ጨርሰህ ቀንስ፣ ከዚያ እግርህን ከፍሬን አንስተህ ታጠፍ፣ ከኩርባው ስትወጣ ቀስ ብለህ ነዳጅ ስጥ። መሪ፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ሁሉም በዝግታ ይሁን። ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀውን ክሩዝ ኮንትሮል አጥፋው፤ ጎማው መንሸራተት ሲጀምር አንተ ነህ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ። ከፊትህ ካለው መኪና ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ራቅ። ሰው መሐል ቢገባብህ እንደገና ወደኋላ በል። ያናድዳል፣ ግን ግባ በለው።

የምትፈተንበት ቦታ ዋሻውን እንዳለፍክ ነው። ዋሻው ውስጥ 2.7 ኪሎ ሜትር ደረቅ አስፋልት ላይ ትነዳለህ፣ ሙቀት አለ፣ መብራት አለ፣ ሰው ፍጥነት ይጨምራል። ስትወጣ በቀጥታ ቁልቁለት ነው። እስከ ሲልቨርቶርን ባለው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ፍሬናቸው ለጋለባቸው የጭነት መኪናዎች የተሠሩ ማምለጫ መንገዶች ጎኑ ላይ ታያለህ፣ በከንቱ አልተሠሩም። ስለዚህ ዋሻው ውስጥ እያለህ ቀንስ። አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፦ ኤል ወይም ኤስ ተብሎ ተጽፏል፣ አለዚያም በመሪው ላይ ባሉት መቀየሪያዎች ታወርደዋለህ። ሞተሩ መኪናውን ይይዝልሃል። ማርሹን ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀይረው፣ አንድ በአንድ፤ የሚያንሸራትት ቦታ ላይ በአንዴ ብታወርደው ጎማው ሊከዳህ ይችላል። ከዚያ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ለስለስ አድርገህ ንካ።

አሁን ቢንሸራተትብኝስ ላልከው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ መሪውን አዙረህ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው፣ የፊት ጎማዎቹ ለቀዋል። ሰው ሁሉ ያኔ መሪውን ይብሱን ያዞራል። አታዙር። ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ትንሽ መልሰው፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ጎማው መልሶ ይይዛል። ሁለተኛው፣ ቂጡ ሲወጣብህ ነው። ቂጡ ወደ ቀኝ ከሄደ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ። መኪናው መመለስ ሲጀምር መሪውንም ወዲያው አብረህ መልስ፣ ካረፈድክ በሌላው በኩል ይወረውርሃል። በሁለቱም ጊዜ ዓይንህ መሄድ የምትፈልግበት ቦታ ላይ ይሁን። ብረቱን አጥር ካየህ እጅህ ወደ አጥሩ ይወስድሃል። የመኪናው የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ያግዝሃል፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ካየህ ግን «ፍጥነትህ በዝቷል» እያለህ ነው።

ብላክ አይስ የሚባለው ነጭ አይደለም፣ እርጥብ አስፋልት ነው የሚመስለው። ድልድይ ከላይም ከታችም ስለሚቀዘቅዝ ከመንገዱ ቀድሞ ይጋገራል። ጥላ ያለበት ኩርባም እንደዚያው። ግሌንውድ ካንየን ውስጥ ገደሉ ፀሐይ ስለሚከለክል ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ መንገዱ ላይ በረዶ ሊቆይ ይችላል። መንገዱ እርጥብ መስሎ ከፊትህ ያለው መኪና ጎማ ግን ውሃ ካልረጨ፣ ያ ውሃ አይደለም። በጣም የሚያንሸራትተው ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለው ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ውሃ ስላለው። ስለዚህ የውጪው ሙቀት ከዜሮ ዝቅና ከፍ ሲል የበለጠ ተጠንቀቅ።

በረዶ ጠራጊ መኪና ካገኘህ ዕድለኛ ነህ፣ ከኋላው ራቅ ብለህ ተከተል። የተሻለው መንገድ እሱ የጠረገው ነው። ጎን ለጎን ተሰልፈው ሲጠርጉ መቅደም በኮሎራዶ ሕግ ክልክል ነው። ዋሻው ሲጨናነቅ ስልክህ በላቭላንድ ፓስ ሊያዞርህ ይችላል። አትስማው። 3,655 ሜትር ላይ የሚወጣ፣ ጠባብ፣ ብዙ ቦታ መከላከያ አጥር የሌለው መንገድ ነው። ለጀማሪ አይሆንም። የናዳ ምልክት ያለበት ቦታም ፎቶ ለማንሳት አትቁም።

ዩታ ስትገባ ብዙ ሰው አለቀ ብሎ ይዘናጋል። ግሪን ሪቨር ላይ ነዳጅ ሙላ፣ ልጆቹንም ሽንት ቤት አስገባ፤ ከዚያ እስከ ሳላይና ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ማደያ የለም። መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ በረዶም ንፋስም አለው። አይ-15 ከገባህ በኋላም ሲዳር ሲቲ ከፍታ ላይ ነች። ሴንት ጆርጅ ስትደርስ ነው በደንብ የሚሞቀው።

መንገድ ላይ ከተዘጋባችሁ ወይም ቦይ ከገባችሁ፣ ከመኪናው አትውጡና በእግር እርዳታ ፍለጋ አትሂዱ። መኪና ከሰው ይልቅ ቶሎ ይታያል፣ ከብርዱም ይከልላል። አራቱን ፍሬቻ አብራ፣ 911 ደውል፣ ያለህበትን የማይል ምልክት ንገራቸው። ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዳ። ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ የለውም፣ እያንቀላፋችሁ ይገድላል። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል አሙቀህ አጥፋ፣ አንድ መስኮት በጣት ያህል ክፈት፣ በረዶው እየጣለ ከሆነ በየጊዜው ወጥተህ ጭስ ማውጫውን እይ። ለዚህ ሁሉ ብርድ ልብስ ለእያንዳንዳችሁ፣ ውሃ፣ ሳይበስል የሚበላ ምግብ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ጓንትና ኮፍያ ያዝ። የልጆቹን ጃኬት ከኋላ ሻንጣ ሥር አትቅበረው፣ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። በልጅ ወንበር የሚታሰሩ ከሆነ ግን ወፍራም ጃኬት ለብሰው አትሰራቸው፣ ቀበቶው ይላላል፤ ካሰርክ በኋላ ከላይ አልብሳቸው።

መኪናውን ስትረከብ የጎማው ጎን ላይ ያለውን ምልክትና የለካኸውን ጥልቀት ጻፍልኝ። የምትነሱበትንም ቀን ጨምርልኝ፣ የዚያን ሰሞን ትንበያ አይቼ መሄድ ወይም መጠበቅ ይሻል እንደሆነ እነግርሃለሁ።